ጠርሙሱን አዙሩት፦ ከካቻፑ ጀርባ ያለው ሰው

የሱፐርማርኬት ምግብ ወሬ ሲነሳ ጓደኞቼ ለሁለት ይከፈላሉ። አንዱ ወገን የታሸገ ነገር ሁሉ መርዝ ነው ባይ ነው። ቆርቆሮ ሲያይ በሽታ የሚታየው። ሌላው ወገን ደሞ ማሸጊያው ካማረና ከውጭ ከመጣ ጥያቄ የለውም፤ ዓይኑን ጨፍኖ ይገዛል። እኔ ከሁለቱም አይደለሁም። ኢንዶሚ ቀቅዬ እበላለሁ፣ ወጥ ውስጥ የቲማቲም ድልህ እጨምራለሁ፣ ቺብስም ያለ ካቻፕ አይጥመኝም። ግን አንድ ልማድ አለኝ። ማንኛውንም ዕቃ ከመደርደሪያ ሳነሳ መጀመሪያ የማየው ፊቱን ሳይሆን ጀርባውን ነው።

ይህን ልማድ ያስያዘኝ የአንድ ሰው ታሪክ ነው። ስሙን ሁላችሁም አይታችሁታል፤ በርገር ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ ሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ፣ ፊልም ውስጥ። ሰውዬውን ግን ብዙዎቻችሁ የምታውቁት አይመስለኝም። ሄንሪ ጆን ሃይንዝ ይባላል። ከሞተ ከ100 ዓመት በላይ ሆኖታል። ዛሬ ስለ ታሸገ ምግብ የምንጨቃጨቀውን ጭቅጭቅ እሱ በዘመኑ ከነግርግሩ ኖሮበታል። በአንድ በኩል ዛሬም የሚጠቅመን ነገር ትቶልናል፤ በሌላ በኩል ደግሞ ዛሬም የምንከፍለውን ዕዳ። ሁለቱንም ላውራችሁ። (የታሪኩ ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የጡብ ሠሪው ልጅ

ሃይንዝ የተወለደው ጥቅምት 1844 በአሜሪካ፣ ፔንሲልቬንያ ግዛት፣ ፒትስበርግ ነው። ወላጆቹ ከጀርመን የመጡ ስደተኞች ነበሩ። አባቱ የመጡባት መንደር ካልሽታት ትባላለች። የዶናልድ ትራምፕ አያትም የወጡት ከዚያችው መንደር ነው፤ ይቺን ለጨዋታ ያህል ያዟት።

አባቱ ጡብ ሠሪ ነበሩ። እናቱ አና ደግሞ ሻርፕስበርግ በምትባለው ትንሽ ከተማ፣ በቤታቸው ጓሮ አትክልት ታለማ ነበር። ሄንሪ ከስምንት ልጆች የመጀመሪያው ነው። የእናቱ ምኞት ቄስ እንዲሆንላት ነበር። ልጁ ግን ልቡ ያለው ጓሮው ላይ ሆነ። በ8 ዓመቱ ከቤት የተረፈውን አትክልት በቅርጫት ይዞ ለጎረቤት መሸጥ ጀመረ። ከቅርጫት ወደ የእጅ ጋሪ ተሸጋገረ። 12 ዓመት ሲሞላው አንድ ሄክታር ተኩል ገደማ መሬት እያለማ፣ በፈረስ ጋሪ ለባለ ሱቆች ያከፋፍል ነበር። እንግዲህ በዚህ ዕድሜ ብዙዎቻችን የቤት ሥራ እንኳ በልመና ነበር የምንሠራው።

ከሚሸጣቸው ነገሮች አንዱ ሆርስራዲሽ ነበር። ሆርስራዲሽ እንደ ሰናፍጭ አፍንጫን ሰንጥቆ የሚወጣ ነጭ ሥር ነው። ተፍቆ በአቼቶ ተለውሶ ከሥጋ ጋር ይበላል። ችግሩ መፋቁ ላይ ነው። ዓይን ያስለቅሳል፣ እጅ ይልጣል፣ ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ የቤት እመቤቶች ተፍቆ የተዘጋጀውን ቢያገኙ ደስታቸው ነበር። ገበያው ያለው እዚህ ጋ ነው።

ግን ገበያው ላይ አጭበርባሪ ቀድሞ ነበር። በዚያ ዘመን ሆርስራዲሽ የሚሸጡ ሰዎች ርካሽ ሥራሥር፣ አንዳንዴም የእንጨት ፍቅፋቂ ይቀላቅሉበት ነበር። ይህ እንዳይታይባቸው ደግሞ በአረንጓዴና በቡናማ ጠርሙስ ያሽጉታል። ገዢው የሚያየው ጠርሙሱን እንጂ ውስጡን አይደለም።

ሃይንዝ ተቃራኒውን አደረገ። ያንኑ ሆርስራዲሽ ጥርት ባለ ነጭ መስታወት ጠርሙስ አሽጎ አወጣው። ምንም ንግግር አላስፈለገውም፤ ጠርሙሱ ራሱ ተናገረ። በ1869 ከአንድ ወዳጁ ጋር ድርጅት ሲያቋቁም የመጀመሪያ ምርቱ ይኸው በመስታወት ያለ ሆርስራዲሽ ሆነ።

እስቲ ይህን ወደ እኛ ሰፈር አምጡት። በርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት፣ ቅቤ ውስጥ ሙዝ፣ ማር ውስጥ ስኳር፣ እንጀራ ውስጥ ጀሶ እየተባለ በየዜናው ስንሰማ ኖረናል። ባዕድ ነገር መቀላቀል የፋብሪካ ፈጠራ አይደለም። ገዢና አምራች ፊት ለፊት መተያየት ሲያቆሙ የሚመጣ የድሮ በሽታ ነው። እናቶቻችን በርበሬውን ራሳቸው ለቅመው፣ ቀንጥሰው፣ ወፍጮ ቤት ቆመው የሚያስፈጩት ለጣዕሙ ብቻ አይደለም፤ ዓይናቸውን ከበርበሬው ላይ ላለመንቀል ነው። የሃይንዝ ጠርሙስ ያንን የእናቶችን ዓይን ወደ ሱቅ ለማስገባት የተደረገ ሙከራ ነበር። የጡብ ሠሪ ልጅ ሆኖ ምግቡ ውስጥ ጡብ አለመጨመሩም ቀላል አይደለም።

በዱባ ሳይሆን በኪያር መክሰር

ወጣቱ ነጋዴ ፈጥኖ አደገ። ሆርስራዲሹ ላይ በአቼቶ የተዘፈዘፈ ኪያር፣ የተሸከሸከ ጎመንና አቼቶ ራሱን ጨመረ። ከዚያ 1875 መጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድርጅቱ ከኢሊኖይ ግዛት ገበሬዎች ጋር ያመረቱትን ኪያርና ጎመን ሁሉ በተቆረጠ ዋጋ ሊገዛ ውል ገብቶ ነበር። በዚያ ዓመት አዝመራው ከልክ በላይ ያዘ። በጤናው ጊዜ ይህ በረከት ነው። ግን አገሪቱ በ1873 ከጀመረው የባንክ ቀውስ ገና አላገገመችም፤ ብድር የሚሰጥ ጠፍቷል። ኪያሩ ይጎርፋል፣ ገንዘቡ ይነጥፋል። በዓመቱ መጨረሻ ድርጅቱ ከሰረ። ሃይንዝ አጭበርብሯል ተብሎ እስከ መያዝ ደረሰ፤ ክሱ ግን አልጸናም። የዚያን ዓመት የገና በዓል ያሳለፈው ለልጆቹ ስጦታ መግዣ አጥቶ ነው።

እዚህ ላይ ሰውዬውን የወደድኩበት ነገር አለ። በአገሩ ሕግ መሠረት የከሰረ ሰው ዕዳው ተጣርቶ ከተዘጋ በኋላ ማንም አያስገድደውም። ሃይንዝ ግን አንድ ደብተር ገዛ። ስሙን የሞራል ግዴታ ብሎ ሰየመው። የያንዳንዱን አበዳሪ ስምና የራሱን ድርሻ ጻፈበት። ከዚያ በዓመታት ውስጥ አንድ በአንድ እየሠረዘ ከፈለ። ሕጉ ባይጠይቀውም ከፈለ።

የከሰረ በመሆኑ በራሱ ስም ንግድ መክፈት አይችልም ነበር። ስለዚህ በ1876 አዲሱ ድርጅት የተቋቋመው በወንድሙ በጆንና በአጎቱ ልጅ በፍሬድሪክ ስም ነው። እሱ ሥራውን ይመራል። ባለቤትነቱን በስሙ ሙሉ በሙሉ ያስመለሰው ከ12 ዓመት በኋላ በ1888 ነው። ስለ ስታርትአፕ ስናወራ ሁልጊዜ የምንሰማው በሦስት ዓመት ሚሊየነር ስለሆነው ልጅ ነው። 12 ዓመት በሰው ስም ሠርቶ ዕዳውን እየከፈለ ስለተነሳው ሰው ግን ማን ያወራል?

ካቻፕ እንዴት መጣ

በዚያው በ1876 አዲሱ ድርጅት የቲማቲም ካቻፕ መሸጥ ጀመረ። ካቻፕን የፈጠረው ሃይንዝ እንዳይመስላችሁ። ቃሉ ራሱ መነሻው ከደቡብ ቻይናና ከአካባቢው ሲሆን፣ ከዓሣ ተብላልቶ የሚሠራ ጨዋማ ማጣፈጫ ስም ነበር። እንግሊዞች ቀምሰው ወደዱት። አገራቸው ገብተው በእንጉዳይና በሌላም ነገር ሊያስመስሉት ሞከሩ። አሜሪካኖች ደግሞ ቲማቲም አደረጉት። ሃይንዝ ሲደርስ ካቻፕ የሚያመርቱ ብዙ ነበሩ።

ታዲያ ምን ዓይነት ካቻፕ? በቆርቆሮ ቲማቲም የሚያሽጉ ፋብሪካዎች ቆርጠው የሚጥሉት ልጣጭ፣ ያልበሰለና የተበላሸ ቲማቲም ተሰብስቦ ይቀቀላል። እንዳይገማ ኬሚካል ይገባበታል። ቀለሙ እንዲቀላ ከድንጋይ ከሰል ዝፍት የተሠራ ማቅለሚያ ይጨመርበታል። ካቻፑ ብቻም አይደለም። በዚያ ዘመን አሜሪካ ወተት እንዳይመዝዝ አስከሬን የሚጠበቅበት ፎርማሊን ይጨመርበት ነበር። ሥጋ ላይ ቦራክስ ይነሰነሳል። የታሸገ አተር አረንጓዴነቱን እንዲጠብቅ የመዳብ ጨው ይደረግበታል። ጠርሙሱ ላይ ደግሞ ይህን ሁሉ የመጻፍ ግዴታ የለም።

ድሮ ሁሉም ነገር ንጹሕ ነበር የሚሉ ሰዎች ሲያጋጥሙኝ ይህን እነግራቸዋለሁ። የታሸገ ምግብ በታሪኩ ከዛሬ የከፋ ዘመን አሳልፏል። የተሻሻለው ሰው ስለተቆጣና ሕግ ስለወጣ ነው እንጂ በራሱ ጊዜ አይደለም።

57 የምትባለው ቁጥር

ሃይንዝ ሐቀኛ ብቻ አልነበረም፤ ሻጭም ነበር፣ ያውም አንደኛ። በ1893 ቺካጎ ላይ ታላቁ የዓለም ኤግዚቢሽን ሲከፈት የእሱ ድርጅት ቦታ የደረሰው ፎቅ ላይ፣ ሰው በማይወጣበት ጥግ ነው። ከታች ያለው ሕዝብ ደረጃ መውጣት ሰለቸው። ሃይንዝ ትንንሽ ወረቀቶች አሳትሞ ግቢው ውስጥ አሰራጨ፤ ይዞ ለመጣ ስጦታ ይሰጣል የሚሉ። ስጦታው የኪያር ቅርጽ ያላት ኢምንት ጌጥ ናት። ሕዝቡ ደረጃውን አጥለቀለቀው። ኤግዚቢሽኑ ሲያልቅ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ጌጥ ታድሎ ነበር። ዛሬ ላይክና ሼር አድርጋችሁ ሽልማት ውሰዱ የሚለው ማስታወቂያ አያቱ ማን እንደሆነ አወቃችሁ?

ከዚያ 57 መጣች። በ1896 ኒውዮርክ ውስጥ በባቡር ሲሄድ የአንድ ጫማ ማስታወቂያ አየ። 21 ዓይነት ጫማ አለን ይላል። ቁጥር ሰው ልብ ውስጥ እንደሚቀር ገባው። ወዲያው ለራሱ 57 ዓይነት የሚለውን መረጠ። በዚያን ጊዜ ድርጅቱ ከ60 በላይ ምርቶች ነበሩት! ቁጥሯ እውነት አይደለችም፤ ግን ለዓይን አማረችው፣ ተጣበቀች። በ1900 ኒውዮርክ መሀል ላይ ግዙፍ የኪያር ምስል ያለበት፣ በ1,200 አምፖል የሚያበራ ማስታወቂያ አስሰቀለ። የኤሌክትሪክ መብራት ራሱ ብርቅ በሆነበት ዘመን ማለት ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ይህ ያው ጥርት ባለ ጠርሙስ የጀመረ ሰው ነው። ጠርሙሱ የሚያሳየው እውነት ነው፤ ከጠርሙሱ ላይ የተለጠፈችው 57 ግን ለማማር የተመረጠች ቁጥር ናት። አንድ ሰው ሁለቱንም ሊያደርግ ይችላል። የፓኬት ፊትና የፓኬት ጀርባ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የምማረው ከዚህ ነው። ፊቱ ማስታወቂያ ነው። የፊት ሥራው ማማር ነው። ቫይታሚን አለው፣ ተፈጥሯዊ ነው፣ ለልጆች ተስማሚ ነው የሚል ጽሑፍና የሚስቅ ሕፃን ፎቶ ስታዩ 57ን አስታውሱ።

ደግነቱ ሃይንዝ ፋብሪካውንም ከፍቶ አሳይቷል። ፒትስበርግ የሚገኘውን ፋብሪካ ማንም ገብቶ በነፃ መጎብኘት ይችል ነበር። ጎብኚዎች ነጭ የለበሱ ሴት ሠራተኞች ኪያር በጠርሙስ ሲደረድሩ ያያሉ። ምግብ የሚነኩ እጆች ንጹሕ እንዲሆኑ ድርጅቱ የጥፍር አጽጂ ቀጥሮላቸው ነበር። ለሠራተኛው መታጠቢያ፣ ቤተ መጻሕፍትና ጣሪያ ላይ የአትክልት ቦታ ነበረው። ይህም ማስታወቂያ ነው ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ ነው። ግን በሩን ክፍት አድርጎ የሚያስተዋውቅና በሩን ዘግቶ የሚያስተዋውቅ እኩል አይደሉም።

የመርዝ ቀማሾቹና ሕጉ

አሁን ወደ ትልቁ ጉዳይ እንግባ። በአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ውስጥ ሃርቬይ ዋይሊ የሚባል ዋና ኬሚስት ነበር። ለዓመታት ምግብ ውስጥ የሚጨመረው ነገር ይመርመር፣ ሕግ ይውጣለት እያለ ሲጮህ የሚሰማው አጥቷል። በ1902 የማይረሳ ነገር አደረገ። 12 ጤነኛ ወጣቶችን በፈቃዳቸው መለመለ። ዋሽንግተን ውስጥ በመሥሪያ ቤቱ ምድር ቤት ምግብ እያበላ፣ ከምግቡ ጋር ቦራክስና ሌሎች ማቆያ ኬሚካሎችን በልክ ይሰጣቸው ጀመር። ክብደታቸው፣ ሽንታቸው፣ ሕመማቸው ሁሉ ይመዘገባል። ጋዜጦች የመርዝ ጓድ አሏቸው። ልጆቹ ታመሙ፣ አገሩ ሁሉ አወራ።

አብዛኞቹ ምግብ አምራቾች ዋይሊን ጠሉት። ኬሚካሉ ከተከለከለ እንከስራለን አሉ። ሃይንዝ ግን ከዋይሊ ጎን ቆመ። ልጁ ሃዋርድና የፋብሪካው ኃላፊ ሴባስቲያን ሙለር ሕጉ እንዲወጣ ፕሬዝዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልትን ካነጋገሩት መካከል ነበሩ። በዚያው ሰሞን አፕተን ሲንክሌር ስለ ቺካጎ የሥጋ ፋብሪካዎች የጻፈው ልብ ወለድ የሕዝቡን ሆድ ገለበጠው። ሰኔ 30 ቀን 1906 የንጹሕ ምግብና መድኃኒት ሕግ ተፈረመ። ባዕድ ነገር መቀላቀልና በማሸጊያ ላይ መዋሸት በመላ አገሪቱ ወንጀል ሆነ።

ሃይንዝ ይህን ያደረገው ለኅሊናው ነው ወይስ ለኪሱ? መልሴ ለሁለቱም ነው። የእሱ ካቻፕ ከሌላው ይወደድ ነበር። ርካሹን ካቻፕ ርካሽ ያደረገው ኬሚካልና ልጣጭ ከተከለከለ አሸናፊው እሱ ነው። በዚህ አልቀየመውም። ነጋዴ የሚያተርፈው ምግቡን በማጽዳት ከሆነ፣ ያትርፍ! ሕግ የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው፤ ሐቀኛው እንዳይከስር። ሕግ በሌለበት ገበያ ጀሶ የሚቀላቅለው ሁልጊዜ ርካሽ ነው፣ ጤፍ ብቻ የሚጋግረው ደግሞ ሁልጊዜ ውድ።

መስታወት የማያሳየው

እስካሁን ታሪኩ ጥሩ ነው። አሁን ዕዳው።

የሃይንዝ ካቻፕም መጀመሪያ ላይ ሶዲየም ቤንዞዌት ይገባበት ነበር። ይህ ዋይሊ ከከሰሳቸው ማቆያዎች አንዱ ነው። ድርጅቱ ሊያወጣው ወሰነ። ግን ካቻፕ አንዴ ተከፍቶ ጠረጴዛ ላይ ለሳምንታት የሚቀመጥ ነገር ነው። ያለ ኬሚካል እንዴት ይቆያል? የፋብሪካው ሰዎች ብዙ ሞክረው መልሱን አገኙ። ጥሩ የበሰለ ቲማቲም፣ ንጹሕ አሠራር፣ ብዙ አቼቶ፣ ጨው፣ እና ብዙ ስኳር። አርቪል ቢቲንግና ባለቤቱ ካትሪን የተባሉ ተመራማሪዎችም ያለ ማቆያ ኬሚካል ካቻፕ መሥራት እንደሚቻል ሠርተው አረጋገጡ።

ስኳርም ጨውም አቼቶም ማቆያ ናቸው። ውሃውን ከተህዋሲያን ይነጥቃሉ ወይም ለተህዋሲያን የማይመች ጎምዛዛ ያደርጉታል። ቋንጣን በጨው የምንሠራው ለዚህ አይደል? ችግሩ አቼቶ ሲበዛ ስኳር ካልበዛ አይቀመስም። ስለዚህ ካቻፑ ከድሮው ወፍራም፣ ጎምዛዛ፣ ከሁሉ በላይ ጣፋጭ ሆነ። ሕዝቡም ወደደው። የዓለም ምላስ ካቻፕ ማለት ይህ ነው ብሎ ተቀበለ። ዛሬ በየአገሩ የሚሸጠው ካቻፕ ያንን ጣዕም ተከትሎ ነው የሚሠራው።

አስቡት። ኬሚካል ለማውጣት በሐቀኝነት የተደረገ ሥራ ስኳር አስገባ። አሜሪካ ውስጥ በሚሸጠው የሃይንዝ ካቻፕ ጀርባ ላይ የተጻፈው ይኸው ነው፦ አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ማለትም 17 ግራም ካቻፕ፣ 4 ግራም ስኳር አለው። ሩብ ያህሉ ስኳር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚጨመር ስኳር በቀን ከ25 ግራም በታች ቢሆን ይመረጣል ይላል። ቺብሳችሁን ስትበሉ ሦስት አራት ማንኪያ ካፈሰሳችሁ፣ የቀኑን ግማሽ በማጣፈጫ ብቻ ጨረሳችሁ ማለት ነው። አብሮት የተጠጣው ለስላሳ ገና አልተቆጠረም።

የሚገርመው ደግሞ በ1909 መንግሥት ያቋቋመው የሳይንቲስቶች ቡድን ቤንዞዌት በትንሽ መጠን ጉዳት እንደሌለው ደመደመ። ዛሬም በሕግ በተወሰነ መጠን ይፈቀዳል። የለስላሳ ጠርሙስ ጀርባ ላይ ኢ211 የሚል ካያችሁ እሱው ነው። ያኔ አገር ያንቀጠቀጠው ኬሚካል በልክ ተፈቀደ። ያኔ ማንም ያልፈራው ስኳር ግን ዛሬ የሐኪሞች ራስ ምታት ሆነ።

ለእኔ የሃይንዝ ሕይወት ትምህርት እዚህ ላይ ነው። ጥርት ያለ ጠርሙስ የእንጨት ፍቅፋቂን ያሳያል፤ ስኳርን ግን አያሳይም። ስኳር ሲሟሟ አይታይም። ጨውም እንዲሁ። ባዕድ ነገር የተቀላቀለበትን ምግብ በዓይን መያዝ ይቻል ይሆናል። ከራሱ ከምግቡ የበዛውን ግን ዓይን አይይዘውም፤ የሚይዘው ጽሑፍ ነው። ለዚህ ነው ጀርባውን የማነበው።

እና እኔ ምን አደርጋለሁ?

የታሸገ ምግብ አትብሉ አልላችሁም። ተማሪ፣ ከሥራ አምሽቶ የሚገባ፣ አረብ አገር በሰው ቤት እየሠራች በሰዓት የምትበላ፣ ሁሉም ቁጭ ብሎ ሽንኩርት የሚያቁላላበት ጊዜ የለውም። የታሸገ ምግብ የብዙ ሰው፣ በተለይ የብዙ ሴት ጉልበት አድኗል። ሃይንዝ ያንን ሆርስራዲሽ ፍቆ ሲሸጥ የሸጠው ሥሩን ብቻ አይደለም፤ የእናቱን ዓይን ያነቡ የነበሩ ሰዓቶችንም ነው። ይህን የሚንቅ ሰው ወጥ ቤት ገብቶ አያውቅም።

ግን ሦስት ነገር አደርጋለሁ።

አንደኛ፣ የግብዓት ዝርዝሩን ከላይ እጀምራለሁ። ዝርዝሩ የሚጻፈው ከብዙው ወደ ትንሹ ነው። መጀመሪያ የተጻፈው በብዛት ያለው ነው። የማንጎ ጭማቂ ብሎ ፊቱ ላይ ማንጎ ስሎ፣ ጀርባው ላይ ውሃና ስኳር ከቀደሙ፣ ያ ማንጎ የሸተተው ስኳር ውሃ ነው። ስኳርም በስሙ ብቻ አይመጣም፤ ግሉኮስ፣ ፍሩክቶስ፣ የበቆሎ ሽሮፕ እየተባለ ተከፋፍሎ ሊገባ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ጽሑፉ ካነሰ ስልኬን አወጣለሁ። ሁላችሁም እጅ ላይ ካሜራ አለ፤ ፎቶ አንሡና አጉሉት። በማናውቀው ቋንቋ ከተጻፈም የስልክ ትርጉም አለ። ዋይሊ ለዚያ ጽሑፍ 12 ልጆች አሳምሟል፤ እኛ ሁለት ጣት ዘርግተን ማጉላት አያቅተንም።

ሦስተኛ፣ በጠረጴዛዬ ላይ የማጣፈጫውን ቦታ አውቃለሁ። ካቻፕ ማጣፈጫ ነው፣ ምግብ አይደለም። ሃይንዝ ራሱ የሸጠው በጠባብ አፍ ጠርሙስ ነበር፤ እንቢ እያለ የሚወጣ። ዛሬ የሚጨመቀው ፕላስቲክ መጥቶ እንደ ሽሮ እናፈሰዋለን።

ከዚህ ውጭ ያለው የመንግሥት ሥራ ነው። በአገራችን የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አለ፤ የሚቆጣጠር ባለሥልጣን መሥሪያ ቤትም አለ። ሕግ መኖሩ ግን ግማሽ መንገድ ነው። ዋይሊ ሕጉ ከወጣ በኋላም ማስፈጸሙ ላይ ለዓመታት ተሟግቷል። ሕግ ጥርስ የሚያወጣው ገዢው ሲጠይቅ ነው። የማያነብ ገዢ ያለበት ገበያ ላይ ማንም ቢሆን ጽሑፉን በትልቁ አይጽፍም።

ሄንሪ ሃይንዝ ግንቦት 14 ቀን 1919 በሳንባ ምች ፒትስበርግ ውስጥ አረፈ። 74 ዓመቱ ነበር። ትቶት የሄደው ድርጅት ከ6,000 በላይ ሠራተኞች ነበሩት። ከመሞቱ 15 ዓመት በፊት፣ በ1904፣ ሻርፕስበርግ የነበረችውን፣ ሥራውን የጀመረባትን ትንሽ የጡብ ቤት ከነግድግዳዋ አስነቅሎ፣ በጀልባ ጭኖ በወንዝ አስጉዞ ፋብሪካው ግቢ አስተከላት። ቤቷ የአባቱ የእጅ ሥራ ናት። ጎብኚ ሁሉ ፋብሪካውን ሲያይ መነሻውንም እንዲያይ ነው።

መነሻውን ማሳየት ጥሩ ነው። እኛ ግን የምንበላው መነሻውን አይደለም፤ ጠርሙሱ ውስጥ ያለውን ነው። ስለዚህ ነገ ሱቅ ስትገቡ ያማረውን ፊት እለፉትና ጠርሙሱን አዙሩት። ካነበባችሁ በኋላ ከፈለጋችሁ ግዙት። አውቆ መብላትና ሳያውቁ መብላት፣ ሆድ ውስጥ አንድ ቢሆኑም፣ አንድ አይደሉም።